ጫፉን ያዥልኝ

ጋሽ እንየው ማረፋቸውን የሰማሁት ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኾ ዝም ካለ በኋላ ነው። ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ነበር፤ ስልኬ ደግሞ እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ፣ ግድግዳው ላይ በተመታች ትንሽ የእንጨት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እጄን አደራርቄ ስመለከት ሦስቱም ጥሪ የየሽ ነው። የሽ የጋሽ እንየው ልጅ ናት፤ ደብረ ታቦር ነው የምትኖረው፤ ለዓመት በዓል ካልሆነ አትደውልልኝም።

«አባየ አረፉ» አለችኝ ስደውልላት። «ትናንት ነው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ይቀበራሉ።»

አሁን ከምኖርበት ከአርብ ገበያ ተነስቶ፣ መንገዱም እንዲህ አንድ ቀን እየተከፈተ አንድ ቀን እየተዘጋ፣ እስከ ስድስት ሰዓት እሳቸው የሚኖሩባት ከተማ፣ መካነ ኢየሱስ መድረስ የሚታሰብ አይደለም። የመጀመሪያውን ጥሪ ባነሳውም አልደርስም ነበር። ሆኖም ራሴን መውቀስ ስጀምር «ስልክ አልታቀፍሽም ብሎ የሚቀየም ሬሳ አይቼ አላውቅም» ሲሉኝ የጋሽ እንየው ድምፅ ተሰማኝ። ቢኖሩ በእርግጥ እንዲሁ ይሉኝ ነበር።

ጋሽ እንየው አከራዬ ነበሩ። እኔ ነርስ ነኝ። ከስምንት ዓመት በፊት መካነ ኢየሱስ ተመድቤ ስሄድ ልጄ ብሌን ስድስት ዓመቷ ነበር። ባለቤቴ የግብርና ባለሙያ ነው፤ ሥራው ወገዳ ስለነበር በወር አንዴ፣ ከተሳካለት ሁለቴ ይመጣል። ስለዚህ ለቤት ፍለጋውም ለልጅ ማሳደጉም የምሮጠው ብቻዬን ነበር።

የሚከራይ ሁለት ክፍል አለ ተብዬ ግቢያቸው የገባሁ ቀን ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ከውስጥ ስልክ ጮኸ። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ስልክ እየጠራዎት ነው» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ ልጀ። እሱ ደውሎ ነው፤ አንቺ በእግርሽ መጥተሻል። በእግሩ የመጣ ይቀድማል» አሉኝ።

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። እሳቸው ክፍሎቹን ከፍተው አሳዩኝ፤ የቧንቧውን ውሃ ከፍተው አሳዩኝ፤ ክረምት ላይ የትኛው ማዕዘን እንደሚያፈስ ሳይቀር ነገሩኝ። ቤቱን ተከራየሁ፤ ግን በልቤ «እኒህ ሰውዬ ጆሯቸው ደህና ነው፤ ሌላው ነው የሚያሳስበው» ብዬ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ለከተማው ሁሉ የነበረው ስልክ አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን ጋሽ እንየው የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ነበሩ። ከአንዲት ጠባብ ክፍል መስኮት ስም እየጠሩ፣ ሰውን ከመስመር እያገናኙ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ተራ የሚሰጡት ቀድሞ በመድረስ ሳይሆን በመንገድ ርቀት ነበር አሉ፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣ ይቀድማል፣ የከተማ ሰው ይከተላል። አንድ ሹም «የኔ አስቸኳይ ነው» ቢላቸው «ወደዚህ የሚመጣው ሁሉ የቸኮለ ነው ጌታየ» ብለው ከተራ ጠባቂዎቹ ወንበር ጫፍ አስቀምጠውታል። በዚያ ክፍል የከተማውን ፍቺ፣ የከተማውን እርቅ፣ የከተማውን ሐዘን ሁሉ ሰምተዋል። አንዱንም ግን ሲያወጡ ማንም አልሰማም። መካነ ኢየሱስ ላይ «ጆሮው የእንየው፣ አፉም የእንየው ይሁን» ተብሎ ይመረቃል።

ሞባይል ሲመጣም ያን ልማዳቸውን አልተዉም። ስልካቸው ከበሩ አጠገብ መደርደሪያ ነበረው፤ ኪስ ገብቶ አያውቅም። ሲጮህ፣ ከሰው ጋር ካልሆኑ፣ ቀስ ብለው ይነሳሉ፤ ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፤ ሄደው ቆመው ያነሳሉ። ተቀምጠው ሲያወሩ አላየኋቸውም። ጨርሰው ቦታው ይመልሱትና ወደ ነበሩበት ይመጣሉ፤ ያቋረጡትን ወሬ ካቋረጡበት ይቀጥላሉ። እኔና ብሌን ከበስተኋላቸው እየቀረጽናቸው ስንት ቀን ስቀናል!

ሰው ናቸውና ጉድለትም ነበራቸው። ግትር ነበሩ። ገበጣ ሲጫወቱ ያጭበረብራሉ፤ ከብሌን ጋር ሲጫወቱ ጠጠር በመዳፋቸው ሲደብቁ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቱ ስትይዛቸው «አይ፣ እጀ አርጅቶ ነው» ይላሉ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ብሌን ገና በሦስት ዓመቷ ምግብ እምቢ ስትል ቪዲዮ ከፍቼ ዓይኗ ስልኩ ላይ ሲቀር ማንኪያውን አጎርሳት ነበር። ጎበዝ እናት የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አድጋ ትምህርት ቤት ስትገባ ያለ ስልክ አትበላም፤ ያለ ስልክ አትተኛም። ሥራ ስሄድ ብቻዋን እንዳይከፋት ብዬ አሮጌውን ስልኬን እተውላታለሁ፤ ማታ ስመለስ ደግሞ ስልኩን ለምን አትለቂም ብዬ እጮሃለሁ። ገብስ ጆንያ ውስጥ ደበቅኩት፤ አገኘችው። ቀማኋት፤ መሬት ላይ ተንከባለለች። አንድ ሁለት ጊዜ መትቻታለሁም፤ ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ጋሽ እንየው ግን አንድም ቀን «ተይው» ሲሏት አልሰማሁም። በረንዳው ላይ ከጎኗ ይቀመጡና «ምንድን ነው እሱ? እስቲ አሳይኝ» ይሏታል። ጥንቸልና ተኩላ የሚሯሯጡበትን ካርቱን መነጽራቸውን አድርገው፣ የፍርድ ቤት ክርክር የሚያዩ ያህል ኮስተር ብለው ያያሉ። «ይህ ጥንቸል ምን በድሎ ነው የሚያባርሩት?» ብለው ይጠይቃሉ። እሷም ታስረዳለች። ከዚያ «ይህ ሲያልቅ ጥሪኝ፤ ጫፉን ትይዥልኛለሽ» ብለዋት ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ።

ሥራቸው ገመድ መግመድ ነበር። ከጡረታ በኋላ ቃጫ እየገዙ ለከብት ማሰሪያ፣ ለጭነት የሚሆን ገመድ ይገምዳሉ። ገመድ ደግሞ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ክሩ ከወዲያና ከወዲህ እየተጠመዘዘ እስኪከር ድረስ ጫፉን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። የያዘው ከለቀቀ የከረረው ሁሉ ተስፈንጥሮ ይቆላለፋል። ብሌን ካርቱኗ ሲያልቅ ስልኩን አስቀምጣ ትሄድላቸዋለች፤ ጫፉን በሁለት እጇ ትይዛለች። በሁለት እጁ ገመድ የያዘ ልጅ ስልክ መያዝ አይችልም። ይህን የተረዳሁት ግን ኋላ ነው፤ ያኔ ለእኔ ሽማግሌው ልጄን ሲያቀብጧት ነበር የሚታየኝ።

«ጋሼ፣ አብረው እያዩ ያባብሱባታል እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የጎረሰ ልጅ ከአፉ አይነጠቅም ሲስተር» አሉኝ። «ውጦ ሲጨርስ ሌላ የሚጣፍጥ ነገር ማሳየት ነው።»

ገመድ ይዛ ስትቆም የስልክ ቤቱን ወሬ ያወሯታል። እሷ ደጋግማ የምታስወራቸው የአንድ የስማዳ ሽማግሌ ታሪክ ነበር። ልጃቸው ለቀን ሥራ መተማ ወርዶ ወሬው ይጠፋባቸዋል። ሁለት ቀን በእግራቸው ተጉዘው መጡ። መስመር ጠፋ። ጋሽ እንየው ቤታቸው ወስደው አሳደሯቸው፤ በማግስቱም የለም፤ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ሽማግሌው መነጋገሪያውን በሁለት እጃቸው ይዘው «ደህና ነህ?» አሉ። ከወዲያ «ደህና ነኝ» ተባለ። «በል እግዜር ይስጥልኝ» ብለው መነጋገሪያውን መለሱና ወደ ስማዳ ጉዞ ጀመሩ።

«ሌላ ምንም አላሉም?» ትላለች ብሌን።

«ምን ይበሉ? ድምፁን ጠገቡ፤ ሄዱ።»

ብሌን ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ ሐምሌ መባቻ ላይ ነው እንግዲህ ያ ነገር የመጣው። ትምህርት ተዘግቷል። አንድ ቀን ከሰዓት ሽሮ ጥጄ «እይልኝ» ብያት ሱቅ ደርሼ ስመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ድስቱ ከስሏል፤ አጠገቡ የተሰጣው ፎጣ ጫፉ ተያይዟል። ብሌን ከውስጠኛው ክፍል አልጋ ላይ አሮጌውን ስልክ ይዛ ተጋድማለች፤ ጭሱም አልሸተታት። ፎጣውን ረግጬ አጠፋሁት። ደንግጬ ነበር፤ ድንጋጤዬ ግን በአፌ የወጣው ቁጣ ሆኖ ነው።

«በማርያም ገዝቼሻለሁ!» አልኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ይህን ስልክ በእጅሽ ብትነኪ በማርያም ገዝቼሻለሁ!»

ሌላ ቦታ ያደገ ሰው ይህን እንደ ማንኛውም የቁጣ ቃል ሊያየው ይችላል። በእኛ አገር ግን ግዝት ቀልድ አይደለም። በቅዱስ ስም የተገዘተ ሰው ግዝቱን ካፈረሰ ቄስ እስኪፈታው ድረስ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ አይቆርብም። ትልልቅ ሰዎች የድንበር ጠብ የሚያቆሙበትን ነገር ነው እኔ በካርቱን ላይ ያወረድኩት። ብሌን ፊቷ ክው አለ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ከኋላዋ ደበቀች። ጋሽ እንየው በረንዳቸው ላይ ቃጫቸውን ይዘው ቀና ብለው አዩኝ።

ግዝቱ ሠራ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን ስትነካ አላየኋትም። መደበቅ ቀረ፤ ማርያም ትጠብቀዋለች ብዬ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሥራ እሄዳለሁ። ጤና ጣቢያ ለጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ፤ አንዷማ ልጇን ልትገዝት ከወንበሯ ተነስታ ነበር። ልጄ ዝምተኛ ስትሆን ጨዋ ሆነች አልኩ። ምግብ ስትቀንስ ከስልኩ እየተላቀቀች ነው አልኩ። እሑድ «ሆዴን አሞኛል» ብላ ከቤተ ክርስቲያን ስትቀር ደግሞ የክረምት ብርድ ነው አልኩ። ነርስ ነኝ እንግዲህ፤ የሌላ ሰው ልጅ ትኩሳት ከበር ይታየኛል።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተጀመረ። ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው ማለት ይቻላል፤ የከተማው ልጅ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ ሳይበላ ቆይቶ በየቀኑ ይቆርባል። ብሌን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ቀርታ አታውቅም ነበር። በመጀመሪያው ቀን እጇን ይዤ ሄድኩ። ከደጁ ስንደርስ እግሯን ተከለች።

«እዚህ እጠብቅሻለሁ እማየ።»

«ለምን?»

«በልቻለሁ።»

«ምን በላሽ?»

«ዳቦ። ጠዋት።»

ሰው እያየን ነው። ጎተትኳት፤ እጇን መነጨቀችኝ። ዝናቡ ላይ ጥላ አስይዣት ብቻዬን ገባሁ። በማግስቱም ዳቦ በላች። በሦስተኛው ቀን ሳልነሳ በፊት ተነስታ ስትበላ ደረስኩባት፤ እያለቀሰች ነበር የምትበላው። ለምን ብላት አትናገርም። ብለምናት አትናገርም፤ ብቆጣት አትናገርም። አባቷ እንዳይመጣ ዝናቡ የወገዳን መንገድ ቆርጦታል። ልጄ ከእጄ እየወጣች እንደሆነ ገባኝ፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን አላውቅም። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ፈርቼ አላውቅም።

ያን ዕለት ጋሽ እንየው ከበራችን ላይ ሳል ሳል አድርገው ገቡ።

«ሲስተር፣ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ረጅም ገመድ ላወጣ ነው፤ ሰው አነሰኝ። አንቺም አንዱን ጫፍ ያዥልኝ።»

«ጋሼ፣ ልጄ እንዲህ ሆናብኝ እኔ ገመድ ልያዝ?»

«አውቃለሁ» አሉ።

አባባላቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሰማሁ። «ነግራዎታለች! ምን አለችዎት?»

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «እኔ የሰማሁትን የማወራ ሰው ብሆን ኖሮ» አሉ፣ «እዚህ ከተማ ተዋዶ የሚኖር አይገኝም ነበር። የሷን ከሷው ስሚ።»

በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል ግቢው ውስጥ ቆምን። ብሌን ከአንድ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው፣ እሳቸው ከመካከል። እሷ ወደ ቀኝ እኔ ወደ ግራ እናጠመዝዛለን፤ ክሩ እየከረረ፣ እየጠበቀ መጣ። ከዚያ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጢው አለ። እጄ ራሱ ሄደ። እምላለሁ፣ እኔ አላዘዝኩትም። ገመዱ ከእጄ ተስፈንጥሮ ጭቃው ላይ ተጠቅልሎ ወደቀ። እኔ ስልኩን አየሁ፤ የጥቅል ማስታወቂያ ነበር።

ቀና ስል ብሌን ታየኛለች። አልተናደደችም። «አባባ እንየው» አለች ቀስ ብላ፣ «ሁልጊዜ እንዲህ ናት።»

ለእኔ እንኳን አላለችውም፤ ለእሳቸው ነው ያለችው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ሰው ክፉ ቃል ተናግሮኛል፤ እንደዚያ የመታኝ ግን የለም። ለካ ስታናግረኝ፣ ሥዕል ስታሳየኝ፣ ስትጠራኝ ሁሉ ይህ እጄ እንዲህ እየለቀቃት ኖሯል!

«ምንም አይደል። እንደገና ነው» አሉ ጋሽ እንየው። የተቆላለፈውን በትዕግሥት ፈቱት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ስልኬን ሰጠኋቸው። እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው ሄደው መደርደሪያቸው ላይ አስቀምጠው ተመለሱ።

እንደገና ጀመርን። ግማሽ ስንደርስ ስልኬ ከውስጥ ጮኸ፤ ይህ ማስታወቂያ አይደለም፤ የሚጠራ ሰው ነው። ጮኸ፣ ጮኸ። ላብ አጠመቀኝ። ብሌን ከወዲያ ጫፍ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቀኛለች። አልለቀቅኩም። ስልኩ ደክሞት ዝም ሲል ልጄ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል አየኋት።

ክሩ ሲከር ጋሽ እንየው መካከሉን ያዙና «በሉ፣ እርስ በርሳችሁ ተቀራረቡ» አሉን። ገመድ እንዲህ ነው የሚታጠፈው፤ ሁለቱ ጫፎች ሲገናኙ ክሩ በራሱ ላይ ይጠመጠማል። ተጠጋግተን ፊት ለፊት ቆምን፤ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ይዘናል። እሳቸው መካከሉን ከበረንዳው ቋሚ ላይ አስረው «መጣሁ፤ እንዳትለቁ» ብለው ገቡ። ሳይመለሱ ቆዩ።

«እማየ፣ ብነግርሽ አትለቂም?» አለች።

«አልለቅም።»

«ቢያናድድሽም?»

«ቢያናድደኝም።»

«ስልኩን ነክቻለሁ» አለች። «በገዘትሽኝ በነጋታው። አንች ሥራ ነበርሽ። አባየ ደወለ። ጮኸ፣ ጮኸ፤ ‹አባየ› ይላል ላዩ ላይ። ዝም ሲል አለቀስሁ። ሲደግም አነሳሁት። ከዛ ማርያም ተቆጥታ መንገዱን አስቆረጠችው፤ አባየ መምጣት አልቻለም። በኔ ነው። ቤተ ክርስቲያን ብገባ ደግሞ እሱን ትገለዋለች።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ በአንዲት የቁጣ ደቂቃ የወረወርኩትን ቃል ይህች ልጅ ከወር በላይ ከእኔ ደብቃ ተሸክማው ኖራለች፤ የአባቷን የሞት ስጋት ጭምር። ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ። በአንድ እጄ ገመዱን፣ በሌላው እሷን ይዤ «ይቅር በይኝ» አልኳት።

በማግስቱ ሦስታችን ንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድን። ጋሽ እንየው ከውጭ ቆሙ። ነገሩን ስነግራቸው ቄሱ ልጅቱን አስቀድመው ጠየቋት።

«ያነሳሽው የአባትሽን ጥሪ ነው?»

«አዎ አባ።»

«ደህና ነኝ አለሽ?»

«ደህና ነኝ አለኝ።»

«እሰይ!» አሉ፤ መስቀላቸውን ግንባሯ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንችን ጳጳስ አድርጎ የሾመሽ ማነው? እናት ነሽ እንጅ! ቤትሽን ለመጠበቅ እመቤታችንን ዘበኛ አደረግሻት?» ስግደቴን ቆጥረው ሰጡኝ፤ ሁሉም በእኔ ላይ ነበር። በልጅቱ ላይ አንድም አልጣሉባትም።

ስንመለስ ብሌን ከፊታችን ትሮጣለች። «ጋሼ፣ አሁን ስልኩን ምን ላድርገው?» አልኳቸው። «ግዝቱም ተፈታ፤ መቀማቱም አልሆነልኝ።»

«ልጅ ጾም እንዴት ነው የሚለምደው?» አሉኝ። «አንድ ቀን እስከ ሦስት ሰዓት፣ አንድ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት፤ ከትልቅ ጋር ነው። እናቱ ገበታ ላይ ተቀምጣ እየጎረሰች ‹አንተ ጹም› ያለችው ልጅ ጾመኛ ሲሆን አይተሻል?»

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ብሌን ከልጆቹ ሰልፍ ውስጥ ቆመች። ቆርባ ስትወጣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ እንደያዘች በአጠገቤ አለፈች፤ ዓይኗ ብቻ ነበር የሚታየው፤ ይስቅ ነበር።

አባቷ መንገዱ እንደተከፈተ መጣ። ጋሽ እንየው መዶሻቸውን ይዘው መጥተው የእሳቸውን የመሰለ መደርደሪያ ከበራችን አጠገብ መቱልን፤ የእኔም የባለቤቴም የአሮጌውም ስልክ ቤት እሱ ሆነ። ካርቱን የምናይበት ሰዓት ነበር፤ አብረን እናያለን፤ ሲያልቅ የምታስቀምጠው እሷው ናት፤ አልቀማኋትም። ባለቤቴ ከወገዳ ሲደውል መጀመሪያ የምታነሳው ብሌን ናት። ዋል አደር ሲል ለመድነው። ከማንም በላይ የከበደው ለእኔ ነበር፤ ባዶ ኪሴን ስንት ጊዜ ዳብሻለሁ። ስልኩን ወጥ ቤት ይዤ ስገባ ብሌን ከደረሰች «እማየ፣ ተራሽ ነው እንዴ?» ትለኛለች፤ አፍሬ እመልሰዋለሁ። የወደቅኩባቸው ቀኖችም ብዙ ናቸው። ጋሽ እንየው ግን የወደቅኩ ቀን የሚሉኝ ያችኑ ነበር፤ «ምንም አይደል። እንደገና ነው።»

ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አርብ ገበያ ስዛወር እስከ መኪናው ሸኙን። ብሌን አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አልወርድ ብላ ነበር። «በይ ሂጅ፤ ገበጣውን የሚያሸንፈኝ አጣሁ» አሏት። አንድም ቀን አሸንፋቸው አታውቅም።

ለለቅሶው በሦስተኛው ቀን ደረስን፤ እኔና ብሌን። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት ለትምህርቷ ብለን የራሷ ስልክ ገዝተንላታል። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ ያለቅሳል፤ የሽ አቅፋኝ ታለቅሳለች፤ እኔ እንባ እምቢ አለኝ። ሰው ሲያየኝ አፈርኩ። ያን የሚያህል ውለታ ውለውልኝ ደረቅ ዓይን ይዤ መመለሴ ልቤን ከበደኝ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ብሌን በመስኮቱ በኩል ተቀምጣ ውጭ ውጭውን ታያለች። ለጋሽ እንየው አዝና ነው ብዬ ተውኳት።

«እማየ» አለች በኋላ፣ «አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ንገሪኝ።»

«አንድ የማላውቀው ሰው በስልክ ይጽፍልኛል። መጀመሪያ ተማሪ ነኝ፣ ስለ ፈተና እንነጋገር አለኝ፤ እኔም መለስሁለት። አሁን ፎቶ ላኪ ይላል። እምቢ ስለው፣ ስታዋሪኝ እንደነበር ለእናትሽ እነግራታለሁ ብሎ ጻፈልኝ።»

የድሮው ቁጣ መጣብኝ፤ አፌን ገጠምኩት። «መቼ ነው እንዲህ ያለሽ?» አልኳት።

«ትናንት ማታ።»

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ምንም አላልሁት» አለች። «ለእናትሽ እነግራለሁ ካለ፣ እኔው ቀድሜ እነግራታለሁ ብዬ ነው።»

እጇን ያዝኩ። «ደግ አደረግሽ» አልኳት፤ «ነገ ከአባትሽ ጋር ሆነን የምናደርገውን እናደርጋለን። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።» ትከሻዋ ቀለል ሲላት አየሁ። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ እምቢ ያለኝ ሁሉ አንድ ላይ ወረደ። ሰው ዞሮ ያየኛል፤ ልተወው አልቻልኩም።

«ምነው እማየ? በኔ ነው?» አለች ደንግጣ።

«አይደለም» አልኳት። «በጋሽ እንየው ነው።»